ግሬናዳ ገጠሩን ለማየት፦ የጓቭ ገውዝ ይሻላል ወይስ የቤልሞንት ካካዎ?

ካሪቢያን ባህር ላይ ያለችው ግሬናዳ ሄዳችሁ ቅመም የሚበቅልበትን ገጠር ለማየት አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ምርጫው ሁለት ነው፣ ወይ በምዕራቡ ዳርቻ ጓቭ ወይ ሰሜን ድረስ ዘልቆ ቤልሞንት እስቴት የሚባለው የካካዎ (ቸኮሌት የሚሰራበት ፍሬ) እርሻ። ሁለቱንም ባንዴ እናሳያችኋለን የሚሉ ባለታክሲዎች አሉ ግን እኔ አልመክርም፣ አገሪቷ ከነትናንሽ ደሴቶቿ 344 ስኩዌር ኪሎሜትር ብቻ ብትሆንም መንገዱ ተራራ ተራራውን እየተጠማዘዘ ስለሆነ ቀኑ መኪና ውስጥ ነው የሚያልቀው።

ጓቭ የአሳ አጥማጆች ከተማ ናት፣ ትልቁ የገውዝ ማዘጋጃ እዛ ነው። እኛ ገውዝን የምናውቀው ደርቆ በርበሬ ውስጥ ሲገባ አይደል፣ እዛ ግን ከዛፍ የወረደውን እርጥብ ፍሬ ነው ሰንጥቀው የሚያሳዩአችሁ፣ ውጪው እንደ ኮክ ቢጫ፣ ውስጡ ጥቁር ቡኒ ዘር፣ ዘሩ ላይ ደግሞ እንደ መረብ የተጠመጠመ ደማቅ ቀይ ነገር አለ፣ እሱም ራሱን የቻለ ቅመም ነው ለብቻው ይሸጣል። ዘሩ እንጨት መደርደሪያ ላይ እንደ ስጥ ተሰጥቶ ሳምንታት ይቆያል፣ ከዛ ቅርፊቱ ተሰብሮ ውሀ ውስጥ ይጨመራል፣ የሰመጠው አንደኛ ደረጃ፣ የተንሳፈፈው ለዘይት ይሄዳል። ሴቶቹ ቁጭ ብለው በእጃቸው ሲለቅሙ እናቴ ምስር ስትለቅም ነው ትዝ ያለችኝ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) አይቫን የሚባለው አውሎ ነፋስ አብዛኛውን የገውዝ ዛፍ ነቅሎ ጥሎታል፣ አንድ ዛፍ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ 7 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ይሄን አውቃችሁ ስታዩት እያንዳንዷ ፍሬ ታሳሳለች።

ወጪው ቀላል ነው፣ ከዋና ከተማዋ ከሴንት ጆርጅስ መናኸሪያ 5 ቁጥር ሚኒባስ ይወስዳችኋል፣ መግቢያውም ትንሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ስለሚዘጋ አርብ ሂዱ፣ ማታ ላይ መንገዱ ሁሉ የተጠበሰ አሳ ይሆናል።

ቤልሞንት ሌላ ነገር ነው፣ ሰፊ እርሻ፣ ምሳ፣ ጥላ፣ ቸኮሌት። የካካዎው ፍሬ እንጨት ሳጥን ውስጥ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፣ ከዛ ትላልቅ መደብ ላይ ፀሀይ ይሞቃል፣ ሰራተኞቹ በባዶ እግራቸው እየተራመዱበት ነው የሚያገላብጡት፣ ዝናብ ሲመጣ መደቡን በሀዲድ ገፍተው ቤቱ ስር ያስገቡታል፣ ልጆች ይሄን በጣም ይወዱታል። ግን ታክሲ ያስፈልጋችኋል፣ ከጓቭ ብዙ እጥፍ ታወጣላችሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ዝግ ነው። ታክሲ ከያዛችሁ አይቀር ከ1785 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውሀ መዘውር ሸንኮራ የሚጨምቀውን ሪቨር አንትዋን የሩም ፋብሪካ እለፉበት፣ ዋናው ሩማቸው አልኮሉ ከ70 ፐርሰንት በላይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ለመንገደኛ ቀለል ያለውን ነው የሚሸጡት።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወይ አረፍ ብላችሁ መዋል ከፈለጋችሁ ቤልሞንት። ብቻችሁን ወይ ሁለት ሆናችሁ ከሆነ ግን ያለምንም ማመንታት ጓቭ፣ ምክንያቱም እዛ ለቱሪስት የተዘጋጀ ሳይሆን ሰው የሚኖርበትን ስራ ነው የምታዩት። ገውዝ ስትገዙ የተፈጨውን ተዉት፣ ከነቅርፊቱ ያለውን ውሰዱ፣ ሽታው እቤት እስክትደርሱ አይለቅም።