ባለ ሽቦው ወይስ ሽቦ አልባው?

የኪዮቶው ናሚካዋ ያሱዩኪና የቶኪዮው ናሚካዋ ሶሱኬ ስማቸው እንጂ ዘራቸው አይገናኝም። ሁለቱም የብረት ዕቃን በቀለጠ ባለቀለም መስታወት የሚያስጌጡ ጥበበኞች ነበሩ። ሁለቱም በ1896 እ.ኤ.አ. የጃፓን ቤተ መንግሥት አርቲስት ተብለው ተሾመዋል።

ያሱዩኪ የሽቦ ሰው ነው። ስስ የብርና የወርቅ ሽቦ እየታጠፈ በብረቱ የአበባ ማስቀመጫ ላይ ይለጠፋል፤ ቅጠል፣ ወፍ፣ ቢራቢሮ ይወጣዋል። በየክፍተቱ ባለቀለም የመስታወት ዱቄት ይሞላና እሳት ይገባል። ዱቄቱ ሲቀልጥ ይጎድላል። እንደገና መሙላት፣ እንደገና መተኮስ ነው። በመጨረሻ ሽቦውና ቀለሙ እኩል እስኪሆኑ ይሞረዳል፤ ጣት ቢያልፍበት እንኳ አያደናቅፍም።

ሶሱኬ ደግሞ ሽቦውን ከመተኮሱ በፊት ይነቅለዋል። ቀለሞቹ ድንበር የላቸውም፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ጭጋግ የብሩሽ ሥራ ይመስላል። ለፉጂ ተራራ ይሄ ተስማሚ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያሱዩኪ! እንደ መስታወት የሚያበራው ጥቁር መደቡ ብቻውን ይበቃኛል።