ምስጋና ለፊዚዮቴራፒስታችን፦ ከትከሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ክብደት ማንሻ ባር ለሚመለሱ

እኛ የክብደት ማንሳት አሰልጣኞች ነን። ይህን የጻፍነው ትከሻቸው የተሰፋላቸውን ስፖርተኞቻችንን ተቀብላ ወደ ባር የምትመልስልንን ፊዚዮቴራፒስት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች እህታችን እያልን እንቀጥላለን። «ጎበዝ ናት፣ ሂዱላት» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ትከሻው ለታመመ ሰው ግን ያ አይበቃውም። በምን በምን እንደምትለይ ዘርዘር አድርገን እንጻፍና እሷ ዘንድ መድረስ ያልቻለም ከሌላ ባለሙያ ምን መጠየቅ እንዳለበት ይያዝ።

እህታችን የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ሳታነብ እጇን ትከሻ ላይ አታሳርፍም። «ትከሻዬን ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ» ብትሏት ገና ምንም አልነገራችኋትም። የትኛው ጅማት ነው የተሰፋው? ቅዳዱ ምን ያህል ነበር? ላብረሙ (በትከሻ መገጣጠሚያ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቀለበት) ከሆነ፣ ከፊት ነው ከኋላ? የባይሴፕስ ጅማትስ ቦታው ተቀይሯል? እያንዳንዱ መልስ የራሱ ክልከላ አለው። ሱፕራስፓይናተስ (ከትከሻ አናት ያለው ጡንቻ) ከሆነ ክንድን በራስ ጉልበት ወደ ጎን ማንሳት ይከለከላል፤ በዚያ እንቅስቃሴ የሚሳበው እሱ ነውና። ሰብስካፑላሪስ (ከትከሻ ፊት ያለው ጡንቻ) ወይም የፊተኛው ላብረም ከሆነ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር በዲግሪ ይገደባል። የኋለኛው ላብረም ሲሆን ደግሞ የሚያስፈራው ክንድን በደረት ላይ ማሻገርና ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ስለዚህ ፑሽ አፕና ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባር ወደ ላይ መግፋት) ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘግይተው ነው የሚመጡት። የባይሴፕስ ጅማት አዲስ ቦታ ላይ ከታሰረ ለ6 ሳምንት ያህል በዚያ ክንድ ሙሉ የውሃ ጆግ እንኳ አይነሳም። ቤንች አብዝተው በሚሠሩ ሰዎች ላይ እንደሚታየው የክላቪክል (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው) አጥንት ጫፍ ብቻ ተሞርዶ ከሆነ ግን የተሰፋ ጅማት ስለሌለ ነገሩ ፈጠን ይላል። ሪፖርቱ ግልጽ ካልሆነላት ለቀዶ ሐኪሙ ትደውላለች። መልስ እስክታገኝ ምንም አትጨምርም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ሥራ የክንድ ማንጠልጠያውና እንቅልፉ ነው። ማንጠልጠያ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል። እሷ የምታየው ክርኑ እስከ ጥጉ መግባቱን፣ የእጅ አንጓው ከክርን ዝቅ ብሎ አለመንጠልጠሉንና ቀበቶው አንገት አለመጫኑን ነው። አንጓው ከተንጠለጠለ እጅ ያብጣል፣ ቀበቶው አንገት ከጫነ ደግሞ ከትከሻው ይልቅ ማጅራቱ ያማል። ለመኝታ ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ በከፊል መቀመጥ ይሻላል። ሌላ ትንሽ ትራስ ከክርኑ ሥር ይገባል። የምትሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ ጋደም ብላችሁ ክርናችሁ ካልታያችሁ ክንዱ ወደ ኋላ ወድቋል፣ የተሰፋውም እየተወጠረ ነው ማለት ነው፤ ትራሱን ጨምሩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ክንድ የሚያደነዝዝ መርፌ ለተወጉ፣ የታዘዘውን ማስታገሻ ድንዛዜው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ መጀመርን ታሳስባለች። ሌሊት ላይ በድንገት ሲለቅ ሕመሙ ከባድ ነው።

ጣትን፣ አንጓንና፣ ባይሴፕሱ ካልተነካ፣ ክርንን ማንቀሳቀስ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ፔንዱለም የሚባለውን እንቅስቃሴ ሐኪሙ ሲፈቅድ ታስጀምራለች፤ እዚህ ላይ ክብደት አንሺዎች በብዛት የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ጎንበስ ብሎ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ የታመመው ክንድ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ የሚወዛወዘው ሰውነት ነው፣ ክንዱ ይከተላል። ጠንካራ ሰው ግን ሳያስበው በትከሻው ጡንቻ ትልልቅ ክብ ይሠራል። እህታችን መዳፏን ትከሻው ላይ አድርጋ ጡንቻው ሲጠነክር ወዲያው ታስቆማለች። ክቡ የሳህን ያህል ከሆነ ይበቃል። ዳምቤል አይያዝም።

ለእኛ ከሁሉ በላይ የጠቀመን የምታስጠብቅበትን ምክንያት በደንብ ማስረዳቷ ነው። ክሩ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያዋህደውም፤ የሚያዋህደው ሰውነት ነው፣ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። 6ኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ቀንሷል፣ ማንጠልጠያው ወልቋል፣ ዴልቶይዱ (ትከሻን ከላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ) አሁንም ጠንካራ ነው፤ ሰውየው ድኛለሁ ይላል። ጅማቱ ግን ገና ደካማ ነው። የተሰፋ ጅማት በድጋሚ ሲቀደድ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ውስጥ ነው፤ ከሚቀድዱት ነገሮች መሃል ከባድ በር መሳብ፣ ሲወድቁ በእጅ መመከትና የሚወድቅ ዕቃ ለመያዝ እጅ መሰንዘር አሉበት። ስለዚህ እህታችን ስለ ጂም ብቻ ሳይሆን ስለ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴም ትጠይቃለች።

ከዚያ በኋላ በዱላ፣ በገመድና በጠረጴዛ ላይ በማንሸራተት፣ ደህናው ክንድ የታመመውን እያገዘ ይነሳል። በራስ ጉልበት ማንሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ማጠንከሩ ደግሞ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፤ ቅዳዱ ትልቅ ከነበረ ይዘገያል። እዚህ ደረጃ ላይ ዓይኗ የሚያርፈው ትከሻው ወደ ጆሮ መውጣቱ ላይ ነው። ክንድ ሲነሳ ትከሻው አብሮ ከተሰቀለ፣ ሮቴተር ከፉ (ትከሻን የሚያረጉት ትናንሽ ጡንቻዎች) ያልቻለውን ላይኛው ትራፒዚየስ (የማጅራት ጡንቻ) እየሸፈነለት ነው። በዚያ ሁኔታ ድግግሞሽ መጨመር ስህተቱን ማጠንከር ስለሆነ በጀርባ አስተኝታ ታሠራለች፤ ሲስተካከል ከፍ አድርጋ በከፊል ታስቀምጣለች፣ መቆም የመጨረሻው ነው።

የላስቲክ ሥራዋ የተለመደው ነው፣ አያያዟ ግን ይለያል። ክንድን ወደ ውጭ ለማዞር በክርንና በጎድን መሃል የተጠቀለለ ፎጣ ታስገባለች፤ ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል ማለት ነው። በጎን ተኝቶ የሚሠራውን በግማሽ ወይም በ1 ኪሎ ታስጀምራለች፣ 3 ዙር በ15፣ ሲወርድ ቀስ ብሎ 3 ሰከንድ። 100 ኪሎ የሚያነሳ ሰው በግማሽ ኪሎ ሲንቀጠቀጥ ያፍራል፣ እሷ ግን የሚሠራው ጡንቻ ትንሽ መሆኑን አስረድታ ትቀጥላለች። የሕመም ደንቧ፦ ሕመሙ ከ10 ነጥብ 3 እስኪሆን ድረስ ይቻላል፣ በማግስቱም ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰ ቀጣዩ ልምምድ ይቀነሳል።

እስከዚያው እግር ሥራ አይፈታም። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፣ ሌግ ፕሬስ (በእግር ክብደት የሚገፋበት መሣሪያ) እና የሆድ ሥራ ይገባሉ። መሮጥን ግን ትከለክላለች፣ መውደቅ አለና። ባር ጀርባ ላይ አድርጎ ስኳት (ቁጭ ብድግ) መሥራት ለእግሩ ባይከብድም፣ ባሩን ለመያዝ ክንድ ወደ ኋላና ወደ ውጭ ስለሚጠመዘዝ ብዙ ይቆያል። በደረት በኩል እጀታ ያለው የስኳት ባር ካለ ያንን ትመርጣለች። ደህናውን ክንድ ብቻውን ማሠራትም ታበረታታለች፤ የአንድ ወገን ልምምድ የሌላውን ወገን የጉልበት መቀነስ በመጠኑ እንደሚገታ የታወቀ ነው።

ወደ ባር የሚያስገባው የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ትለካለች። ዲግሪውን በጎንዮሜትር፣ ጉልበቱን በእጅ በሚያዝ ዳይናሞሜትር ትወስዳለች። ወደ ውጭ የማዞር ጉልበት የደህናውን 90 በመቶ ያህል መድረሱን፣ ወደ ውስጥ ከማዞሩ ጋር ሲነጻጸርም ከሁለት ሦስተኛ አለማነሱን ትፈልጋለች። ደህናው ክንድም በእረፍት ወራት እንደሚደክም ስለምታውቅ አንዱን ቁጥር ብቻ አታምንም። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለቱንም ክንድ ከራስ በላይ ማንሳት ሌላው ፈተና ነው፤ ጎድን ወደ ፊት ሳይወጣ አውራ ጣት ግድግዳ መንካት አለበት። ይህ ለውድድርም ወሳኝ ነው፦ ከራስ በላይ ሙሉ መዘርጋት ያቃተው ሰው ክርኑ ታጥፎ ይቀበልና በኋላ ይገፋዋል፣ ዳኞችም ፕሬስ አውት ብለው ሙከራውን ይሰርዙበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል እኛና እሷ ተቀምጠን የምናወጣው ነው፤ ባርን የምታውቅ ባለሙያ መሆኗ የሚታየውም እዚህ ነው። መጀመሪያ መሳብ ነው፣ ክንድ ተዘርግቶ ባሩ ከወገብ ሳያልፍ። መግፋት በወለል ላይ ተኝቶ ይጀመራል፤ ወለሉ ክርኑ ከሰውነት መስመር እንዳያልፍ ያግደዋል። ክርን ከጎን 45 ዲግሪ ያህል፣ አያያዝ ጠበብ ያለ። ፍሮንት ስኳት (ባሩን ከፊት በትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ) መጀመሪያ ላይ ባሩ ላይ በታሰረ ቀበቶ ይያዛል። ቀጥሎ ፓወር ክሊን (ባሩን ከወለል ወደ ትከሻ ማንሳት)፣ ፑሽ ፕሬስ (በእግር ጉልበት አግዞ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት)፣ ጀርክ (ከትከሻ ወደ ላይ አስፈንጥሮ ከሥሩ በተዘረጋ ክንድ መቀበል)። ስናች (ባሩን ከወለል በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማንሳት) መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰፊው አያያዝ ትከሻውን ወደ ጎንና ወደ ውጭ ከፍቶ ያስቀምጠዋል፣ ባሩ ወደ ኋላ ካመለጠም ክንዱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ስናች በባዶ ዱላ ይጀመራል፣ ቀጥሎ የ5 ወይም የ10 ኪሎ የቴክኒክ ባር፣ ከዚያ የ15 ወይም የ20። ማምለጥን ራሱን እንደ ልምምድ ታሠራለች፦ ባሩ ወደ ኋላ ሲሄድ መልቀቅና ወደ ፊት መዝለል። ይህን በዱላ ያልተለማመደ ክብደት አይጫንለትም። በሳምንት ከ5 በመቶ ብዙም አይጨመርም፣ ክብደት በተጨመረበት ሳምንትም ድግግሞሽ አይጨመርም፤ ሁለቱም ከተነሱ ሕመሙ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከባድ ስናች ላይ ለመድረስ ከ6 እስከ 9 ወር፣ ትልቅ ቅዳድ ከነበረ እስከ ዓመት ይወስዳል።

ለተወዳዳሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። በዓለም ፀረ ዶፒንግ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማንኛውም የግሉኮኮርቲኮይድ (ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት) መርፌ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋውም ጭምር፣ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ። እህታችን በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት ዝርዝር ትጠይቅና ወደ ውድድር የሚቀርብ ካለ ከሐኪሙና ከፌዴሬሽኑ ጋር ቀድሞ እንዲነጋገር ትልከዋለች። መድኃኒት በራሷ አታዝዝም፣ አታስቆምምም።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ የክንድ ወይም የባት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ድንገት «ቋ» ብሎ ጉልበት መጥፋት ካለ ቀጠሮዋን ሰርዛ ወደ ሐኪም ነው የምትልከው። ሐኪሙም ጉዳዩን ቶሎ እንዲረዳ መለኪያዎቿን ጽፋ ትሰጣለች።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ልጆቻችን ጤነኛ ትከሻ ይዘው ባሩ ሥር ሲቆሙ የአንቺ ድካም አለበት።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ቀጠሮዋ ስለሚሞላ ቀዶ ጥገናው ሳይደረግ ቀድማችሁ ያዙ፤ ያኔ የደህናውን ክንድ ጉልበት ለክታ ታስቀምጥላችኋለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስትሄዱ ሪፖርቱን፣ የኤምአርአይ ምስሉን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና ከጉዳቱ በፊት የነበረውን የልምምድ ደብተራችሁን ያዙ። ማንጠልጠያውንም ለብሳችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምታስተካክለው እሱን ነው።