ኳስ፣ ሮክና ፊልም በአንድ ሳውንድባር፦ ከአራት ወራት አጠቃቀም በኋላ

ኳስ፣ ሮክ ሙዚቃና ፊልም ከልጅነቴ ጀምሮ አብረውኝ የኖሩ ሦስት ፍቅሮቼ ናቸው። ሦስቱንም ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከታተልኩት በአብዛኛው ቤቴ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ድምፅ ማጉያ በምመርጥበት ጊዜ ሁሉ የምፈልገው ሦስቱንም ሳያዳላ የሚያስተናግድ ዕቃ ነው። ባለፉት አራት ወራት የተጠቀምኩበት ሳውንድባር (ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረዥም ድምፅ ማጉያ) መካከለኛ ደረጃ ያለው ሲሆን፣ መሀሉ ላይ በዋናነት ለንግግር የተመደበ ድምፅ ማጉያ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች አሉት፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሰብዉፈር ለብቻው ወለል ላይ ይቀመጣል። ለኳስ በጣም ጥሩ፣ ለፊልም ደግሞ ከጠበቅኩት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለሮክ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ከተተወ አይሆንም።

በኳስ ልጀምር። የአንድ ጨዋታ ግማሽ ሕይወቱ ተመልካቹ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የማይቀበል ሰው ካለ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በባዶ ስታዲየም የተደረጉትን ጨዋታዎች ያስታውስ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የተቀዳ የተመልካች ጩኸት እስከ መጨመር የደረሱት፣ ያለ እርሱ ትልቁ ግጥሚያ ሁሉ ልምምድ ይመስል ስለነበር ነው። የዘመኑ ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ፣ ብዙ ጊዜም ከሥር ወይም ከጀርባ የተገጠመ በመሆኑ፣ የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሳውንድባር ገንዘቡን ያስቆጠረው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ የተደረገውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሊቨርፑል በኤሲ ሚላን 3 ለ 0 ተመርቶ ከእረፍት የተመለሰበትን ጨዋታ፣ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስቲቨን ጄራርድ በ54ኛው ደቂቃ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ ሲያስቆጥር፣ ቭላዲሚር ሽሚሰር በ56ኛው ሲከተል፣ ዣቢ አሎንሶም በ60ኛው ደቂቃ ግብ ጠባቂው የመለሰበትን ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ መትቶ 3 ለ 3 ሲያደርግ፣ የደጋፊው ድምፅ ከጎል ወደ ጎል እንዴት እንደሚለወጥ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ለይቼ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ጎል የሚሰማው የመጽናናት ጩኸት ነው፤ በሁለተኛው ደጋፊው ማመን ይጀምራል፤ በሦስተኛው ደግሞ ምቱ ሲመለስ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ትንፋሹን የሳበ ያህል ይሆንና፣ ወዲያው ጩኸቱ ከታች ተነሥቶ የጨዋታ አስተላላፊውን ድምፅ ይውጠዋል። ሰብዉፈሩ ይህን ከታች የሚነሣ ድምፅ በልኩ ያወጣዋል።

ሆኖም “ስፖርት” የሚለውን የድምፅ ምርጫ አጥፍታችሁ ተመልከቱ። ይህ ምርጫ የአስተላላፊውን ድምፅ ከመጠን በላይ ወደፊት ያመጣና የተመልካቹን ጩኸት በሰው ሠራሽ ማስተጋባት ይበትነዋል፤ ስታዲየሙ የሞላ ሳይሆን ባዶ አዳራሽ ይመስላል። ምንም የማይጨምረውና የማይቀንሰው “ስታንዳርድ” ከሁሉም ይበልጣል።

ግንኙነቱም ሊታሰብበት ይገባል። የመጀመሪያውን ሳምንት በብሉቱዝ አገናኝቼው ስለነበር፣ ግብ ጠባቂው ኳስ ሲለጋ የምቱ ድምፅ የሚደርሰኝ ኳሷ ከእግሩ ከተለየች በኋላ ነበር። ስታዲየም ገብቶ ከሩቅ መቀመጫ ጨዋታ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተመልካች ምቱን የሚሰማው ከሩብ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። እዚያ ርቀቱን በዓይናችን ስለምናየው አይከነክነንም፤ ካሜራው ተጫዋቹ እግር ሥር ባደረሰን ጊዜ ግን ጆሯችን አይቀበለውም። በኤችዲኤምአይ ገመድ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ በሚያስተላልፈው ኤአርሲ በሚባል መሰኪያ በኩል ሳገናኘው ችግሩ ጠፍቷል።

በፊልም በኩል የመጀመሪያው ጥቅም የንግግሩ ጥራት ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ የተዋናዮች ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከሸራው ጀርባ መሀል ላይ ከተቀመጠው ድምፅ ማጉያ ነው። ይህም ዕቃ ያንኑ አሠራር ስለሚከተል፣ ተዋናዮቹ ሲያንሾካሹኩ ድምፅ መጨመር፣ ፍንዳታ ሲመጣ ደግሞ ሪሞት ፍለጋ መሯሯጥ ከቤቴ ቀርቷል። የፊልም ድምፅ ትልቁ ፈተና ግን ለእኔ ፍንዳታው ሳይሆን ጸጥታው ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው የካውቦይ ፊልም መክፈቻ ላይ ሦስት ታጣቂዎች ጭር ባለ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ባቡር ይጠብቃሉ፤ ለብዙ ደቂቃዎችም ንግግር የለም ማለት ይቻላል። በነፋስ የሚዞረው መዘውር ቅባት እንደራቀው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አንዱ ሰው ባርኔጣ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሌላው ፊት ላይ ዝንብ ትመላለሳለች። ማታ መብራት አጥፍቼ ሳየው፣ መዘውሩ ከሩቅ፣ ጠብታው ከቅርብ፣ ዝንቧም ከሁሉም ይበልጥ ጆሮዬ ሥር ሆና ተሰምታኛለች። ዳይሬክተሩ ጥበቃውን በድምፅ እንዴት እንደገነባው የገባኝ ያን ማታ ነው። “የሌሊት” የሚለው ምርጫ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ስለሚያቀራርብ እንዲህ ያለውን ትዕይንት ይገድለዋል፤ የተኛ ሰው ከሌለ አትጠቀሙበት። ካርቶኑ ላይ “ከራስ በላይ የሚመጣ ድምፅ” የሚል ጽሑፍ ቢኖርም፣ ወደ ላይ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ስለሌለው እኔ የሰማሁት ዝናብ ሁሉ ከፊቴ የሚመጣ ነው።

ወደ ሮክ ስመጣ ቅሬታዬ ይበዛል። ሰብዉፈሩ ከፋብሪካ የወጣው ከፍ ተደርጎ ተስተካክሎ ነው። ይህ ለፊልም ፍንዳታ ያምራል፤ ሮክን ግን ያደፈርሰዋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ያሰማል፤ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራምም ጉልበቱ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ከአንድ ሣጥን ያለ ልክ ጮኸው ሲወጡ፣ ድራመሩ የት እንዳቆመና ቤዝ ተጫዋቹ የት እንደጀመረ መለየት አይቻልም። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ከተቆረጠ በኋላ ቀጫጭን ክር መጠቀም ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ ደግሞ ክሩን ለማላላት አንዳንዶቹን ዘፈኖች ዝቅ ባለ ቅኝት ተጫውቷል። ያን ክብደት ወድጄው ነው ያደግኩት። በዚህ ዕቃ የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ግን ጊታሩም ቤዙም አንድ ላይ ተድበስብሰው ጆሮዬን ከማድከም በቀር የሰጡኝ ነገር አልነበረም።

መፍትሔው በከፊል በእጃችን ነው። ግድግዳና ወለል ወፍራም ድምፅን ስለሚያጎሉ፣ ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀምጬው የነበረውን ሰብዉፈር አንድ ሜትር ያህል ወደ መሀል አወጣሁት፤ መጠኑንም ከግማሽ በታች አወረድኩት። “ሙዚቃ” የሚለውን ምርጫም አጠፋሁት፤ ይህ ምርጫ የዘፋኙን ድምፅ በሁሉም ድምፅ ማጉያዎች እየበተነ ሰውየውን ቦታ ያሳጣዋል። ከዚያ በኋላ ለውጡን የሞከርኩት በሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም መዝጊያ ዘፈን ነው። የባንዱ ድራመር ጆን ቦናም ድራሙን የተጫወተው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት ደረጃ ግርጌ ተቀምጦ ሲሆን፣ ድምፁን የቀረጹት ከደረጃው ላይኛው ክፍል የተሰቀሉ ሁለት ማይክሮፎኖች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዘፈን የምንሰማው ድራሙን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ጭምር ነው። “ሙዚቃ” የሚለው ምርጫ በርቶ ሳለ የቤቱ ማስተጋባት በዕቃው ማስተጋባት ተሸፍኖ ነበር፤ ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ምት ደረጃውን ሲወጣና ሲመለስ ይሰማል።

በማስተካከያ የማይድን ጉድለትም አለ። የኤሲ/ዲሲን አልበሞች የሚያውቅ ሰው ወንድማማቾቹ አንገስና ማልኮም ያንግ ጊታሮቻቸው አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ሆነው ሲነጋገሩ መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚል ያውቃል። የሳውንድባሩ ግራና ቀኝ ጫፎች የሚራራቁት ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ርቄ ስቀመጥ ሁለቱ ጊታሮች መሀል ላይ ተገናኝተው እንደ አንድ ጊታር ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት ለሮክ አልበሞቼ ግራና ቀኝ አራርቄ ያቆምኳቸውን ሁለት አሮጌ ድምፅ ማጉያዎች አላነሣኋቸውም፤ አላነሣቸውምም።

የተቀረጸ ኮንሰርት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ኩዊን የተባለው የሮክ ባንድ የተጫወተባቸውን ሃያ ያህል ደቂቃዎች በዚህ ሳውንድባር ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫን ባነሣችበት በዚያው ስታዲየም የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ማይክሮፎኑን ይዞ ያለ ቃል ያዜማል፣ ሕዝቡም ያንኑ ዜማ ይመልስለታል። በአሮጌዎቹ ድምፅ ማጉያዎቼ መርኩሪ ቅርብ፣ ሕዝቡ ሩቅ ነበር። እዚህ ግን እርሱ ከመሀል ሲጠራ፣ መልሱ ከግራም ከቀኝም ከወለሉም አንድ ላይ ተነሥቶ ይመጣል፤ በሦስተኛው ጊዜ እኔም ከሕዝቡ ጋር ሳዜም ራሴን አገኘሁት።