የቅዳሜው የሂሳብ ቲቶሪያል፣ ደብረ ብርሃን

ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ የማስገባበት ቲቶሪያል እንደሌላው ወርክሺት አያሸክማቸውም፣ ጥያቄውን ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት። ያሁኑ «ልጆች ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል» የሚል ነበር፣ ከዛ ማንን እንጠይቅ እንዴት እንመዝግብ ብለው ተጨቃጭቀው ደብተር ላይ ጭረት እየጫሩ ቆጥረው ግራፍ ሰሩ። ቲቸሯ መልስ አትሰጥም፣ «የጠየቃችሁት ጠባሴ ሰፈር ያሉትን ብቻ ነው፣ ከገጠር በእግሩ የሚመጣውስ?» ብላ ዝም። ሳምፕል፣ ማለትም ሁሉንም ወክለው የሚጠየቁት ጥቂቶቹ፣ ምን እንደሆነ እዛው ገባቸው።

አቬሬጁ ነው የገረመኝ። 5፣ 10፣ 10፣ 15 እና 60 ደቂቃ ተደምሮ ለ5 ሲካፈል 20 ይመጣል፣ ግን ከአምስቱ አራቱ ከ20 በታች ናቸው! መሃል ላይ ያለው ሚዲያኑ ደግሞ 10። «አንዱ ሩቅ ያለ ልጅ ነው ቁጥሩን የጎተተው» አለችኝ ልጄ፣ እኔ ይሄን ኮሌጅ ገብቼ ነው የሰማሁት ባካችሁ።

ቅር ያለኝ ክፍሉ ነው፣ ጠባብ ነው በዛ ላይ መስኮቱ አይዘጋም፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ልጆቹ ጃኬት ደርበው ነው የሚጽፉት። ዋጋውም ወደድ ይላል። የፈተና ውጤት ቶሎ እንዲጨምር የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ አንዱ ጥያቄ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። እኔ ግን በሚቀጥለው ተርም ትንሹንም ላስመዘግብ ነው።