ለካርታ አፕዴት በየዓመቱ መክፈል፦ የ14 ወር ልምዴ ከድሬዳዋ

ትናንት ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ናቪጌሽኑ ላይ ያው መልእክት መጣ። የካርታ አፕዴት ክፍያህ አልቋል፣ አድስ ይላል። አላድስም። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ሰሞኑን መሣሪያውን ሊገዙ ያሰቡ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጠይቀውኛል፤ በስልክ አውርቼ የምጨርሰው ነገር አይደለም። መሣሪያውን ራሱን ግን እወደዋለሁ። ቅሬታዬ የካርታው ክፍያ ላይ ነው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መግጠምና መጠገን ነው። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ከተማ ውስጥ ያሉ ደንበኞቼ ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ሐረማያ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቢሌና ጉርሱም ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ኮምቦልቻ ስል የሐረርጌውን ነው፣ የወሎውን አይደለም። ጫትና ድንች፣ ሽንኩርትና ካሮት በጉድጓድ ውሃ ያለማሉ። አድራሻ ሲነግሩኝ እንዲህ ነው፦ «ከአስፋልቱ ትወርዳለህ፣ መስጊዱን ታልፋለህ፣ ትልቋ ዋርካ ጋ ስትደርስ ትደውላለህ።» ዋርካዋ ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ፈለግሁ። ጥቅምት 2017 ላይ እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ገብቼ ባለ 7 ኢንች ናቪጌሽን በ18 ሺህ ብር ገዛሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ግልጽ ይሁን፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ክፍያው ለሳተላይቱ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይልካሉ። ምልክቱን መቀበል ለማንም ነፃ ነው። መሣሪያው ቢያንስ የ4 ሳተላይት ምልክት ሲያገኝ የት እንዳለህ ያሰላል። ገንዘብ የሚከፈለው ከሥሩ ላለው ሥዕል ነው፤ ለመንገዱ፣ ለሰፈሩ ስም፣ ለማደያው። ክፍያውን ብታቆምም መሣሪያው አይዘጋም። በያዘው አሮጌ ካርታ መሥራቱን ይቀጥላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ከመሣሪያው ጋር አንድ ነፃ አፕዴት ነበር። እሱን ጫንኩ። ወር ሳይሞላ የቅናሽ ማስታወቂያ መጣ፦ 60 ዶላር ለአንድ ዓመት፣ በዓመት አራት ጊዜ አዲስ ካርታ። የኛ የባንክ ካርድ እዚያ አልሠራልኝም። ጅቡቲ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ በራሱ ካርድ ከፈለልኝ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 60 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከ7 ሺህ ብር በላይ ወጣብኝ። ለዚያ ብር አንድ ሙሉ ቀን ጉድጓድ ላይ ተጎንብሼ እውላለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። ደንገጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከድሬዳዋ ቆላ ወደ ሐረማያ ደጋ ስትወጡ ኩርባ በኩርባ ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ የመኪና መብራት አይበሳውም። አንድ ማታ ከባቢሌ ስመለስ እዚያው ዳገት አናት ላይ ጉም ዋጠኝ። ስክሪኑን አጉልቼ ያዝኩት። ቀጣዩ ኩርባ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ቀድሞ ይታየኛል። ረዳቴ ጎኔ ተቀምጦ «ግራ፣ ጠበቅ ያለ... አሁን ቀኝ» እያለ እያነበበልኝ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ታች ደርሰን የከተማው መብራት ሲታየን ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ቀን መሣሪያው ዋጋውን መለሰልኝ። ልብ በሉ ግን፣ የደንገጎ መንገድ በሁሉም ካርታ ላይ ድሮም አለ። ለእሱ አፕዴት አያስፈልግም።

አፕዴቱ ምን እንደሚያመጣ በደንብ ለማወቅ አንድ ነገር አደረግሁ። በደንብ የማውቃቸውን አሥር ቦታዎች ደብተር ላይ ጻፍኩ። አዲስ ካርታ በጫንኩ ቁጥር አሥሩንም እያየሁ ምልክት አደርጋለሁ። ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው።

ከአሥሩ አንዱ የባቡር ጣቢያው ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር አገልግሎት የጀመረው በ2010 ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። መሣሪያው ግን ጣቢያ ብለህ ስትፈልግ ከዚራ፣ አሮጌው ለገሃር ነበር የሚወስድህ። ባለቤቴ እህቷን ልትሸኝ መኪናውን ይዛ ወጥታ ነበር። መሣሪያው ያመለከታትን ተከትላ የአሮጌው ጣቢያ በር ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ አዲሱ እስክትደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ስህተት በሦስተኛው አፕዴት ተስተካክሏል። ሁለት ማደያዎችም ገብተዋል። ወደ ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድ መግቢያውም ተስተካክሏል። ከአሥር አራት። ሌሎቹ ስድስቱ ዓመቱን ሙሉ እንደነበሩ ናቸው።

ከስድስቱ አንዱ ያስቆጣኛል። ደቻቱ ነው።

ደቻቱ የከተማችንን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ወንዛችን ነው። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሄድበታል፣ ባጃጅና መኪናም በአንዳንድ ቦታ አሸዋውን አቋርጦ ያልፋል። ዝናብ ግን ድሬዳዋ ላይ ሳይጥል፣ ላይ ደጋው ላይ ከጣለ ጎርፉ በደቂቃዎች ይመጣል። የ1998ቱን ክረምት የድሬ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ ወጣት ነበርኩ። ጠዋት ወጥቼ ያየሁትን አሁንም አያለሁ። እና ይሄ 60 ዶላር የከፈልኩበት ካርታ አሸዋውን የሚያቋርጠውን የመኪና መሻገሪያ እንደ ተራ የከተማ መንገድ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ድልድይ እንደሌለ አይናገርም። ወንዝ መሆኑን የሚያሳይ ሰማያዊ መስመር እንኳ የለውም። «አጭሩ መንገድ ይሄ ነው» ብሎ ቀጥ አድርጎ ይመራሃል። እኔ ይህችን ከተማ አውቃታለሁ፣ አልታዘዘውም። ከአዲስ አበባ በነሐሴ ማታ የመጣ እንግዳ ግን ምን ያውቃል?

ለአምራቹ በስህተት መጠቆሚያው ቅጽ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ፎቶ ጭምር ላክሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ጥቆማዎን ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት አፕዴት ወጣ። መሻገሪያው ያው ነው።

ስለ ሚያዝያው አፕዴትም ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ። የሚወርደው የመላው አፍሪካ ካርታ በአንድ ጥቅል ነው። የኢትዮጵያን ብቻ ልውሰድ ማለት አይቻልም። ከ3 ጊጋባይት በላይ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼው ተኛሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፣ አብሮ ጠፋ። ጠዋት መሣሪያውን ሳበራው የአምራቹ አርማ ላይ ቆሞ ቀረ። ታይዋን ወስጄው ልጆቹ ከዜሮ አስነሡት። ካርታው ተመለሰ። ያስቀመጥኳቸው ነጥቦች ግን የሉም።

64 ነጥብ ነበረኝ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጉድጓድ ነው። ስም አውጥቼላቸው ነበር፤ «ቢጫ ታንከር 60 ሜትር»፣ «ሁለት ግራር 85»። ጥልቀቱን ከስሙ ጋር የምጽፈው ደንበኛው ሲደውል ምን ያህል ቱቦና ገመድ እንደምጭን ወዲያው እንዳውቅ ነው። ደብተሬን እያየሁ 40 ያህሉን መለስኩ። የቀሩትን ለማግኘት እንደገና ዋርካ እየፈለግሁ፣ እረኛ እየጠየቅሁ ወራት ፈጀብኝ። እንዲህ ስዞር ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚህ መሣሪያ ለሥራዬ የሚጠቅመኝ እኔው የሞላሁት ነው። ዶላር የከፈልኩበት ካርታ አንዱንም ጉድጓድ አያውቀውም፤ የሚያደርሰኝን ፒስታ መንገድም አያውቀውም። ጉርሱም ላይ ከአስፋልት ስወርድ መኪናዬን የምታሳየው ቀስት ባዶ ግራጫ ላይ ነው የምትሄደው።

ነጥባችሁን ከአፕዴት በፊት ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። አፕዴቱን ደግሞ መብራት ቢጠፋ በባትሪ በሚቆይ ላፕቶፕ ብቻ ጫኑ።

ሐምሌ ላይ አንድ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የደንበኛዬ ልጅ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕን አሳየኝ። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። እንደ ዊኪፒዲያ ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። ስልክ ላይ በኦስማንድ ወይም በኦርጋኒክ ማፕስ አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ትጠቀምበታለህ። የኔ ዓይነቱ ናቪጌሽንም ይህንኑ ካርታ በሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ሁሉም መሣሪያ አይቀበልም፤ ስትገዙ ጠይቁ።

አሥሩን ቦታዬን እዚህም አየሁ። ሁሉም ትክክል አልነበረም። የሳቢያን ኮብልስቶኖች ከተከፈለበት ካርታ በተሻለ ተሥለዋል፤ ጉርሱም አካባቢ ግን እዚህም ባዶ ነው። የሐረማያ ሐይቅም አለ። ሐይቁ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። የውሃው ዳርቻ በየወቅቱ ስለሚንቀሳቀስ የትኛውም ካርታ በትክክል ሊይዘው ይቸገራል። ልዩነቱ ስህተት ስታይ የምታደርገው ነገር መኖሩ ነው። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ፤ የደቻቱን መሻገሪያ ራሴ አስተካከልኩት። ድልድይ የሌለው የወንዝ መሻገሪያ ነው ብዬ፣ ጎርፍ ያለበት መሆኑን ጨምሬ ጻፍኩ። በወሩ አዲሱን ካርታ ሳወርድ እዚያው ነበር። ስክሪኑን ለረዳቴ አሳየሁት። «አቦ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

መሣሪያውን ራሱን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። የድሬዳዋ ሙቀት ይጎዳዋል። ከግንቦት ጀምሮ የፊት መስታወቱ ላይ የሚይዘው ጎማ እየለቀቀ ይወድቃል። ሰኔ ላይ ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ከጠርዙ አነሣው፤ አስቀየርኩት። አሁን ስወርድ ነቅዬ ወንበር ሥር አስቀምጠዋለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። አማርኛ የለውም።

ክፍያው የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። ጅቡቲ ድረስ ጭነት የሚያመላልስ፣ ዋናውን መስመር የማይለቅ ሾፌር ማደያና የክፍያ መንገድ ተስተካክሎለት ይጠቀም ይሆናል። እሱም ቢሆን ሻጩን «ሰፈሬን አሳየኝ» ይበለው። «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ ካጋጠማችሁም ዕድሜው የእናንተ አይደለም። ኩባንያው ለዚያ ሞዴል ካርታ እስከሚያወጣ ድረስ ነው። አሮጌ ሞዴል በርካሽ ስትገዙ ይህን አትርሱ።

የቀረኝ የሐረሩ ጉዳይ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ቤቱ ውስጥ አሮጌ ጉድጓድ ያለው። መጀመሪያ ስሄድ መሣሪያው ከፈረስ መጋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ አለኝ። ታጠፍኩ። መንገዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ የጎን መስታወቶቼ በሁለቱም በኩል የድንጋይ ግንቡን ሊነኩ ሆነ። አንዲት እናት ከበራቸው ብቅ ብለው «ልጄ፣ እዚህ መኪና ይቅርና የተጫነች አህያም በግድ ነው የምታልፈው» አሉኝ። የሰፈሩ ልጆች ከኋላ እየመሩኝ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ ወጣሁ። የቀኙ በር ላይ ያለው ጭረት አሁንም አለ። በተከፈለበት ካርታ ያ መንገድ እስከ መጨረሻው አፕዴት ድረስ የመኪና መንገድ ነበር። በነፃው ካርታ ላይ የእግረኛ ብዬ አረምኩት፤ አሁን በቀጭን የነጥብ መስመር ነው የሚታየው። ባለፈው ሳምንት ስሄድ መሣሪያው ግንቡ ውጭ፣ ሸዋ በር ጋ አቆመኝ። የመፍቻ ሣጥኔን ይዤ በእግሬ ገባሁ።