ከባሕር ወለል የሚወጣ ማዕድን ድርሻ ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ አትስጡ

ወገኖቼ፣ እዚህ ቨርጂኒያ በእኛ ሰው መካከል የሚዞር አንድ ደላላ አለ። እኛም ቤት መጥቶ፣ ከቦርሳው ድንች የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠው። ባለቤቴ ስታነሳው መዳፏ ጠቆረ። «ኒኬል፣ ኮባልት፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አለን። ዕቁብ የወጣልን ሰሞን ነበርና ስምንት ሺህ ዶላር ቆጥረን ሰጠነው። ዓመት አለፈ፤ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም አልተመለሰም።

ድንጋዩ እውነተኛ ነው፤ ያሳመነንም እሱ ነው። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን በሚባለው የፓሲፊክ ክፍል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን ተበትኖ ይገኛል። ነገር ግን መቀመጫው ጃማይካ የሆነውና ከአገሮች ክልል ውጭ ያለውን የባሕር ወለል የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን የሰጠው የፍለጋ ውል ብቻ ነው፤ ለገበያ ለማምረት ማንንም አልፈቀደም። ደላላው አሁን የባሕር ወለል ማዕድን ሥራን ለማፋጠን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ እየጠቀሰ ነው አሉ። ትእዛዝ ግን መርከብና ማቅለጫ አይሠራም።

ፈቃድ በእጅ ይዞም መክሰር አለ። ናውቲለስ ሚኒራልስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፓፑዋ ኒው ጊኒ መንግሥት በአገሪቱ የባሕር ክልል ወለል ላይ የማምረት ፈቃድ አገኘ፤ ጥልቀቱም 1,600 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። መንግሥት ለ15 በመቶ ድርሻ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ከፈለ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። መቆፈሪያዎቹ አገሪቱ ደረሱ፤ መርከቧ ክፍያ ጎድሎ ሳትረከብ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው አንድ ቶን እንኳ ሳይሸጥ ከሰረ። አገር ያላስመለሰውን እኔና እናንተ ከማን እናስመልሳለን?

ዋጋውም አይታመንም። ኮባልት እ.ኤ.አ. በ2022 በቶን ከ80,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ከ25,000 በታች ወረደ፤ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ኮባልት ወደ ውጭ መላክ ስታግድ ደግሞ መልሶ ናረ። ሊቲየም ብረት ፎስፌት በሚባለው ባትሪ የሚሄዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከናካቴው ኒኬልም ኮባልትም አይፈልጉም።

እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኩባንያውን ስም በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ ነጻ ነው። የሚሰጣችሁንም ወረቀት እዚያው አንብቡት። የእኛ ደረሰኝ ላይ «የቅድሚያ ምዝገባ ክፍያ» ነው የተጻፈው፤ አክሲዮን የሚል ቃል የለበትም።