ኪክሎክ፦ በጉግል ከገቡ በኋላ ያለው ጣጣ

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ላሉ ጥቂት ሆቴሎች የክፍል ማስያዣ ሲስተም አስተዳድራለሁ። መግቢያውን ሁሉ ለኪክሎክ ሰጥቼዋለሁ፤ ተጠቃሚዎች ወደ ሲስተሞች ሲገቡ ማንነታቸውን የሚያጣራ ሶፍትዌር ነው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ሬድ ሃት ከተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ቤት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲኤንሲኤፍ (የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የሚያቅፍ ድርጅት) ተቀብሎታል። ስለ አጫጫኑ ብዙ የምለው የለኝም። የወደድኩለት ሰው «በጉግል ግባ»ን ከነካ በኋላ የሚሠራውን ነው።

ሰው በጉግል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ «ፈርስት ብሮከር ሎጊን» የሚባለው ፍሎው (ተከታታይ የመግቢያ እርምጃዎች) ይሠራል። የመጣውን ሰው ፕሮፋይል ያያል፤ የጎደለ ካለ ያስሞላዋል። ጉግል ላይ አንድ ስም ብቻ የጻፉ ሪሴፕሽኖች እዚህ ጋ ይቆሙብኝ ነበር፤ «ላስት ኔም» ግዴታ መሆኑን ከዩዘር ፕሮፋይል ላይ አነሳሁትና አለቀ። ቀጥሎ በዚያ ኢሜይል አካውንት ካለ ያጣራል። ከሌለ ይከፍታል። ካለ ግን ዝም ብሎ አያገናኝም፤ ወይ ኢሜይል ይልካል፣ ወይ የድሮውን ፓስወርድ ይጠይቃል።

የአንዱ ሆቴል ሒሳብ ሹም ደውለው «ልጄ፣ በጉግል ገብቼ ሳለ ደግሞ ፓስወርድ ምን ያደርግለታል?» ብለው ተቆጡ። «እትዬ፣ እርስዎ መሆንዎን እያጣራ ነው፤ ዳግም አይጠይቅዎትም» አልኳቸው። ጥያቄውን የሚያስቀር «አውቶማቲካሊ ሴት ኤግዚስቲንግ ዩዘር» የሚባል፣ ሳይጠይቅ ከነባሩ አካውንት ጋር የሚያገናኝ እርምጃ አለ። ቢለምኑኝም አልነካውም። ኢሜይል ሳያረጋግጥ የሚመዘግብ ሌላ መግቢያ ከተጨመረ፣ በእትዬ ኢሜይል የተመዘገበ ማንም ሰው ሰተት ብሎ አካውንታቸው ውስጥ ይገባል።

አብሮት የመጣው ፍሎው ላይ እርምጃ መጨመርም ሆነ መሰረዝ አይቻልም። ዱፕሊኬት አድርጎ ቅጂውን ማስተካከል፣ ከዚያ የጉግል መግቢያው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ቅጂ መምረጥ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን የረሳ ሲለፋ ይውላል እንጂ አንዳች አይለወጥለትም። በአንድ ደረጃ ላይ ሪኳየርድ (ግዴታ) እና አልተርኔቲቭ (አማራጭ) የተባሉ እርምጃዎች ከተደባለቁም አልተርኔቲቮቹ አይሠሩም፤ ለብቻቸው ሰብፍሎው (በፍሎው ውስጥ ያለ ንዑስ ፍሎው) ይፈልጋሉ። ይሄ እንኳ ከስክሪኑ ላይ በግልጽ ቢታይ ምን ነበረበት!

«ፖስት ሎጊን ፍሎው» ደግሞ በዚያ መግቢያ በተገባ ቁጥር ይሠራል። ሒሳብ ክፍሎቹን በሮል (በሥራ ድርሻቸው) ለይቼ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ኮድ) አስጠይቃቸዋለሁ፤ ሪሴፕሽኖቹን አያስቸግርም።

አንድ ሆቴል፣ አንድ ሲስተም ብቻ ላለው አልመክርም፤ ጃቫ ስለሆነ ሚሞሪ ይበላል። ሁለት ሦስት ሲስተም በአንድ መግቢያ ማስገባት ለሚፈልግ ግን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ኤስኤምቲፒውን (የኢሜይል መላኪያውን) ቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ካለሱ የኢሜይል ማረጋገጫው አይሄድም።